የበረሃ አቧራ ከከተማ የአየር ጥራት መዝገብ ላይ ይቀነስ?

ሳንባ ይቅደም፦ ትናንት ሒሳብ ወዳድ እዚህ የጻፈውን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። «የበረሃ አቧራ የተፈጥሮ ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም። ከከተሞች መዝገብ ላይ ይቀነስ» ይላል። የእሱ ሐሳብ ብቻ ቢሆን ባልተናደድኩ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የአየር ጥራት መመሪያ ራሱ ይህንን ይፈቅዳል። የፒኤም 10 (ስፋቱ ከ10 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ፣ ወደ ሳንባ የሚገባ ደቃቅ ብናኝ) የቀን ገደብ 50 ማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ ነው። ከዚያ ማለፍ የሚቻለው በዓመት 35 ቀን ብቻ ነው። አንድ አገር ግን «ያለፈው በበረሃ አቧራ ነው» ብሎ ካስረዳ ያንን ድርሻ ይቀንሳል። ከተማው ደንቡን አክብሯል ይባላል። ሰው የተነፈሰው ግን ያው ነው።

ሒሳብ ወዳድ፦ አዎ፣ ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ደንብ የሚወጣው ሰው ማስተካከል የሚችለውን እንዲያስተካክል ነው። ከንቲባ የመኪና ጭስ መቆጣጠር ይችላል። ቻድ ውስጥ ያለውን ቦዴሌ የተባለ ረባዳ በረሃ ግን ምን ያድርገው? እዚያ ነፋሱ በቲቤስቲና በኤነዲ ተራሮች መካከል ሲያልፍ ይፈጥናል፤ የደረቀውን የጥንት ሐይቅ ወለል እየፋቀ ወደ ሰማይ ያነሳል። በዚህ ማን ይከሰስ?

ነገር ፈታሽ፦ «ማንም አይጠየቅበትም» ያልከውን እንያዝ። በመካከለኛው እስያ ያለውን የአራል ባሕር ማን አደረቀው? እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚገብሩለት ወንዞች፣ አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ፣ ወደ ጥጥ እርሻ ተጠለፉ። የባሕሩ ወለል ጨውና የእርሻ መርዝ የተቀላቀለበት አቧራ ሆኖ ይነሳል። የካሊፎርኒያው ኦወንስ ሐይቅስ? ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1913 ውሃውን በቦይ ወሰደችው፤ ሐይቁ ደረቀ። ለአሥርተ ዓመታት በአሜሪካ ከታወቁት የብናኝ ምንጮች ሁሉ የከፋው እሱ ነበር። ከተማዋም ተጠይቃበታለች፤ አቧራውን ለማፈን ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥታለች።

ሒሳብ ወዳድ፦ ወንድሜ፣ ሐይቅና ሰሃራ አንድ አይደሉም። ከዓለም አቧራ አብዛኛው የሚነሳው ማንም ካልነካው በረሃ ነው።

ነገር ፈታሽ፦ አብዛኛው፣ እሺ። የተባበሩት መንግሥታት ግን ቢያንስ ሩብ ያህሉ ከሰው ሥራ የመጣ ነው ይላል። በዓመት ወደ 2 ቢሊዮን ቶን አቧራ ይነሳል፤ ሩቡን አስላው። አንተ ያልከው ደግሞ «ማንም» ነው።

የአየር ሰው፦ ሁለታችሁም ምንጩ ላይ ቆማችሁ ቀራችሁ። ዋናው ጉዳይ አቧራው ከተማ ሲደርስ የሚሆነው ነው። ትልልቁ ቅንጣት ገና ሳይደርስ በጉዞው መሃል ይወርዳል። ደቃቁ ቀናት ሙሉ ይንሳፈፋል፣ ውቅያኖስም ያቋርጣል። ከተማ ላይ ሲደርስ የመኪናና የፋብሪካ ጋዝ ገላው ላይ ሰልፌትና ናይትሬት የተባሉ ኬሚካሎች ሆኖ ይጣበቃል። ሌላም አለ። ከላይ የተንሳፈፈው አቧራ ፀሐይ ይጋርዳል፤ መሬት በደንብ አይሞቅም። መሬት ካልሞቀ የታችኛው አየር ወደ ላይ አይነሳም። የከተማው የራሱ ጭስ ሳይበተን እዚያው ሰው አፍንጫ ሥር ይከማቻል። እንግዲህ በዚያ ቀን ከተለካው ውስጥ የቱን ነው «የተፈጥሮ» ብላችሁ የምትቀንሱት?

ሳንባ ይቅደም፦ ተባረክ! ይህንን ነው ማለት የፈለግኩት።

አረንጓዴ፦ አቧራን እንዲህ ጠላት ብቻ አታድርጉት። አማዞን ደን በዝናብ የሚታጠብበትን ፎስፈረስ በከፊል የሚተካለት የሰሃራ አቧራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የሳተላይት ጥናት በዓመት 22 ሺህ ቶን ያህል እንደሚደርሰው ገምቷል። ውቅያኖስ ውስጥም ብረቱ ለጥቃቅን ዕፅዋት ምግብ ነው። ከሰሃራ የሚነሳው ደረቅ አየር የአትላንቲክን አውሎ ነፋስም ያዳክማል።

የአየር ሰው፦ እህቴ፣ የፎስፈረሱ እውነት ነው። የአውሎ ነፋሱን ግን ቀስ በዪ። በሰኔ 2020 ካሪቢያንን ያለበሰው ግዙፍ አቧራ በአሥርተ ዓመታት ያልታየ ነበር። በዚያው ዓመት አትላንቲክ ላይ ስም የወጣላቸው አውሎ ነፋሶች 30 ደረሱ፤ ክብረ ወሰን ነው። አቧራው ለጊዜው ያግዳል እንጂ ዓመቱን አያድንም።

አረንጓዴ፦ ያዳክማል አልኩ እንጂ ያድናል አላልኩም። ያልተናገርኩትን አታስቀምጥልኝ።

ሳንባ ይቅደም፦ አስም ያለበት ልጅ አማዞን ስለለመለመ አይተነፍስም። እባካችሁ ወደ ጉዳዩ።

ሒሳብ ወዳድ፦ እሺ ወደ ጉዳዩ። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በሰሜን በኩል ዛፍ ስትተክል ኖራለች። ያም ሆኖ በመጋቢት 2021 ከሞንጎሊያ የተነሳ አቧራ ቤጂንግን ብርቱካናማ አደረጋት። ይህን ያህል ለፍቶ ያልቻለ አገር ባለበት ለአንድ ከተማ አስተዳደር ቅጣት መጻፍ ፍትሕ ነው?

ነገር ፈታሽ፦ ቅጣት ማን አለ? እኔ የምለው መዝገቡ ላይ ይቆይ ነው።

ሳንባ ይቅደም፦ ማቆም ባይቻልም መዘጋጀት ይቻላል። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የአቧራ ትንበያና ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አለው። አቧራው ከመድረሱ ቀናት ቀድሞ ይታወቃል። ታዲያ በዚያ ቀን የመኪናው ጭስ ለምን አይቀነስም? ትምህርት ቤት ልጆችን ለምን ሜዳ ላይ ያስሮጣል? የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ ፒኤም 10 በቀን ከ45 ማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ይመክራል። ቁጥሩ ከመዝገብ ሲወጣ ይህን ሁሉ የማድረግ ግዴታም አብሮ ይወጣል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ሒሳብ ወዳድ፦ ማስጠንቀቂያውን አልተቃወምኩም። ግን በመኪናው ሠርቶ የሚኖር ሰው እሱ ባላመጣው አቧራ ሥራ ይፍታ?

የአየር ሰው፦ እሱ ያመጣው ጭስ አቧራው ሥር እንደሚታፈን አሁን ጻፍኩልህ እኮ።

ሒሳብ ወዳድ፦ አንብቤዋለሁ። ስንት እጁ የአቧራው፣ ስንት እጁ የጭሱ እንደሆነ ለይቶ ለመለካት ራሱ መቀነስ ያስፈልጋል። ያለ ቅናሽ ከንቲባው ጭሱን ቀነሰ አልቀነሰ በምን ታውቃላችሁ? ለዚህ እስካሁን አንዳችሁም አልመለሳችሁልኝም።