ሽጉጤን ጥይት አጉርሼ ልታጠቅ ወይስ ባዶውን?

ባለሱቁ (ጋርላንድ፣ ቴክሳስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሱቅ አለኝ። የምዘጋው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ባለፈው ወር በሩን ስቆልፍ ሁለት ልጆች ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ ወጥተው ያዙኝ። የዕለቱን ገንዘብ ሰጥቼ ተረፍኩ። በሳምንቱ ግሎክ 19 ገዛሁ። እዚህ ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ ያለ ፈቃድ መታጠቅ ይቻላል። እኔ ግን ትምህርቱ ይጠቅመኛል ብዬ ፈቃዱን ለማውጣት ኮርሱን ወሰድኩ።

የቸገረኝ ጥይት ማጉረሱ፣ ማለትም ከካርታው (ከጥይት መያዣው) አንዷን አስቀድሞ ጉድጓዱ ውስጥ ማስገባቱ ነው። ባዶውን የምለው ካርታው ሞልቶ ጉድጓዱ ባዶ ሲሆን ነው። ልቤ እሺ አላለም። ያደግኩት ጎጃም ነው። አባቴ ምንሽሩን ይዞ ከደጅ ሲገባ መጀመሪያ ጥይቱን አውጥቶ እናቴ እጅ ላይ ይቆጥራል። ምሰሶው ላይ የሚሰቅለው ከዚያ በኋላ ነው። ይሄ ሽጉጥ ደግሞ በአውራ ጣት የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም። ቃታውን ከሳብከው ተኮሰ ማለት ነው። የ4 ዓመት ልጅ አለኝ። ማታ ስገባ ሮጦ መጥቶ ወገቤ ላይ ይጠመጠማል። ጓደኛዬ ግን «ያልጎረሰ ሽጉጥ ከድንጋይ አይሻልም» ይለኛል። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

አሠልጣኝ (ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ እንኳን ነፍስህ ተረፈ። ገንዘቡን መስጠትህ ልክ ነው። ሽጉጥ ስለያዝክ ይሄን አትቀይር።

እኔ ድሮ አገር ቤት ወታደር ነበርኩ። አሁን ተኩስ አስተምራለሁ። ፍርሃትህ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የአባትህ ዘመን መሣሪያ ከወደቀ ሊባርቅ ይችላል። አሜሪካኖቹም የድሮውን ኮልት ስድስት ጥይት እየያዘ አምስት ብቻ ነበር የሚያጎርሱት። መምቻው ባዶው ጉድጓድ ላይ እንዲያርፍ ነው።

ግሎክ እንደዚያ አይደለም። ሦስት መከላከያ አለው። አንዱ ቃታው ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ ናት። ሌላው ጥይቱን የሚመታውን መርፌ ያግዳል። ሦስተኛው ሲወድቅ እንዳይባርቅ ይይዘዋል። ሦስቱም የሚለቁት ቃታው ሲሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ ራስህን የምትጠይቀው «ቃታውን ምን ሊነካው ይችላል?» ብለህ ነው። መልሱ ያለው ማኅደሩ ላይ ነው። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ጠንካራ፣ ሽጉጡ ሲወጣ የማይጨማደድ ማኅደር ግዛ። ለስላሳ ጨርቅ አትግዛ።

እኔ አጉርሼ ነው የምታጠቀው። በር ስትቆልፍ አንድ እጅህ ቁልፍ ይዟል። ለማቀባበል ሁለት እጅ ያስፈልግሃል። የሶልት ሌክ ሲቲው ፖሊስ ዴኒስ ቱለር እ.ኤ.አ. በ1983 እንደጻፈው፣ ቢላ የያዘ ሰው 21 ጫማ ርቀትን በአንድ ተኩል ሰከንድ ያህል ይጨርሰዋል። በዚያች ሰከንድ ግራ እጅህ ሰውየውን እየገፋ ነው የሚሆነው።

ግን ዛሬ አታጉርስ። እንዲህ አድርግ። ካርታውን አውጣ። ጉድጓዱ ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። አቀባብል። ከዚያ ካርታውን መልስ። ጉድጓዱ ባዶ ነው፣ ቃታው ግን ወደፊት ወጥቶ ይቆማል። እንደዚህ ታጥቀህ ለአንድ ወር ዋል። ጎንበስ በል፣ ዕቃ ተሸከም፣ መኪና ንዳ። ማታ ማታ ቃታውን እይ። የሆነ ነገር ስቦት ከነበረ ወደ ኋላ ሄዶ ታገኘዋለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። የባረቀባቸው ሰዎች ሲያጋጥሙኝ አብዛኛው የደረሰው ሽጉጡ ማኅደሩ ውስጥ ሳለ አይደለም። ወይ ሲመልሱት የሸሚዝ ጫፍ ገብቶ ነው፣ ወይ ጥይት ሲያወጡ ነው። ማታ ማታ እያወጣህ ጠዋት ጠዋት አታጉርስ። ያቺው አንድ ጥይት ደጋግማ ስትጎርስ እርሳሱ ወደ ቀለሁ እየሰመጠ ይሄዳል፣ ያ ደግሞ ግፊቱን ይጨምራል። ማኅደሩን ከነሽጉጡ ከቀበቶህ ፍታና እንዳለ ቆልፍበት።

ከረሆቦት

እኔ እስራኤል ነው ያለሁት። ሥራዬ ጥበቃ ነው። እኛ የተማርነው ባዶውን መታጠቅ ነው። አውጥተህ፣ አቀባብለህ፣ ወደ ዒላማ። ሦስቱ እንደ አንድ እንቅስቃሴ እስኪሆኑ ድረስ ይደጋገማል።

ስለዚህ ድንጋይ ነው የሚለውን አልቀበልም። ግን አንድ ቀን አሠልጣኛችን «ግራ እጃችሁን ኪስ ክተቱ፣ አሁን አቀባብሉ» አለን። ሽጉጡን ቀበቶዬ ላይ እያሻሸሁ ስታገል ላብ አጠመቀኝ። ባዶውን የምትይዝ ከሆነ ይሄንንም ተለማመድ። ካልተለማመድክ ጓደኛህ ልክ ነው።

እናት (ሜሪላንድ)

ወንድሞቼ፣ ስለ ሱቁ በር ተናገራችሁ። እኔ ስለ ቤቱ በር ልናገር።

የእህቴ ባል አንድ ቅዳሜ ካርታውን አውጥቶ ሽጉጡን ሶፋው ላይ አስቀመጠ። ባዶ ነው ብሎ ነው። አንዲት ጥይት ጎርሳ ቀርታ ነበር። ልጁ አነሳው። ጥይቱ ግድግዳውን በስቶ ማቀዝቀዣው በር ላይ ቆመ። እህቴ እዚያ በር ፊት ቆማ ነበር፣ ገና ፈቀቅ ማለቷ ነው። ልጁ ለብዙ ሳምንት አልተናገረም።

አንዳንድ ሽጉጥ ካርታው ሲወጣ አይተኩስም። ግሎክ ግን ይተኩሳል። ይሄን ሚስትህም ትወቀው። ቁጥር ያለው የብረት ሳጥን ግዛና ግድግዳው ላይ በብሎን አስረው። ሕጉም አለ። ቴክሳስ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጥይት ያለበት መሣሪያ፣ ባይጎርስም እንኳ፣ እንዲያገኝ በቸልታ መተው ወንጀል ነው። ግን ስለ ሕጉ ብለህ አይደለም።

ባለሱቁ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ አሠልጣኝ፣ እንዳሉኝ ባዶውን አቀባብዬ ታጠቅኩ። እስከ ስምንተኛው ቀን ድረስ ቃታው በቦታው ነበር። በዘጠነኛው ቀን ማታ ሳየው ወደ ኋላ ሄዷል። ከሽጉጡ ጋር የገዛሁት ርካሽ የጨርቅ ማኅደር ነበር፣ አፉ ታጥፎ ገብቷል። መቼ እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም። ያን ቀን ጎርሶ ቢሆን ኖሮ ጭኔን ነበር። ምናልባት ልጄ ታቅፎኝ ሳለ።

ማኅደሩን ጣልኩት። ካይዴክስ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ አዝዣለሁ፣ ሐሙስ ይደርሳል። እህቴ፣ ሳጥኑ ከመግቢያው በር አጠገብ ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ ታስሯል። ቁጥሩን የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። መጀመሪያ ሳጥኑ ጋ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ነው ልጄን የማቅፈው። ትናንት «ጠብቀኝ» ስለው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

አንዱን ወር ከሐሙስ ጀምሬ እንደገና እቆጥራለሁ።