የማሽላና የጤፍ እንጀራ ሲያድር እየደረቀ አስቸገረኝ

ሰላም እህቶቼ፣ የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። እነሱን ላሳድግ ብዬ ሥራ ስላቆምኩ የምንተዳደረው በባለቤቴ ደመወዝ ብቻ ነው። ለሽሮው አተርና ሽምብራውን ከቅዳሜ ገበያ ገዝቼ ራሴ አዘጋጃለሁ፤ በዚህ ብዙ ወጪ ቀንሶልናል። ያቃተኝ ጤፉ ነው። ግማሹን በነጭ ማሽላ ስተካው እንጀራው ትኩስ እያለ ለስላሳ ነው። ሲያድር ግን ይደርቅና ይፈረፈራል። ትልቁ ልጄ እንቢ አለኝ፤ ልጅ ሳይበላ ሲተኛ ደግሞ አንጀት ይበላል። እርሾው ደህና ነው፣ አብሲትም እጥላለሁ። አብሲቱን ላብዛው? ወይስ ማሽላውን ለብቻው ቀድሜ ላቡካው? እናንተ ስንት በስንት ትቀላቅላላችሁ? ጤፉን ጨርሶ ከመተው በፊት የሚሆነውን ንገሩኝ፣ እባካችሁ።