ኤፍቶክ ለላኪና ለተቀባይ የተለያየ ኪይ እየሰጠ ነው?

ጠያቂ፣ ከአዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሲ የጻፍኳቸው ላኪና ተቀባይ በሜሴጅ ኪው (የመልእክት ወረፋ) ነው የሚገናኙት። ሁለቱም ኤፍቶክን (ከፋይልና ከፊደል የኪው መለያ ቁጥር፣ ማለትም ኪይ፣ የሚያወጣውን ፈንክሽን) የሚጠሩት በላኪው ሶርስ ፋይልና በካፒታል ኤ ነው። ተቀባዩ ክፍት እያለ ላኪው ላይ ትንሽ አስተካክዬ ኮምፓይል ሳደርግ፣ ላኪው ያለ ኤረር ይልካል፤ ተቀባዩ ግን ምንም አይደርሰውም። መብራት ሄዶ መጥቶ ሁለቱን እንደ አዲስ ሳስነሳ ይሠራል። ምክንያቱ ምንድነው?

መልስ 1፦
ተርሚናል ላይ አይፒሲኤስ (ያሉትን ኪዎች የሚዘረዝር ትእዛዝ) በልና እይ፤ ሁለት ኪው ተፈጥሮ ታገኛለህ። ኤፍቶክ የፋይሉን ስምም ይዘትም ኪዩ ውስጥ አያስገባም። በግሊብሲ (በሊኑክስ የተለመደው የሲ ላይብረሪ) ላይ ኪዩ 32 ቢት ነው፦ ላይኛው 8 ቢት የሰጠኸው ፊደል፣ ቀጣዩ 8 ከዲቫይስ ቁጥሩ፣ ታችኛው 16 ከአይኖዱ (ፋይል ሲስተሙ ለፋይሉ ከሰጠው ቁጥር)። ቪምን የመሳሰሉ ኤዲተሮች ሴቭ ሲደረግ ብዙ ጊዜ አዲስ ፋይል ጽፈው በአሮጌው ቦታ ይተኩታል። ስሙ ያው ነው፣ አይኖዱ ግን ሌላ።

አይኖዱ 141591 ቢሆን በሄክሳ (በ16 መሠረት) 22917 ነው፤ ታችኛው 16 ቢት 2917 ነው። ካፒታል ኤ 41፣ ዲቫይሱ 03 ከሆነ ኪዩ 41032917 ይወጣል። ከኤዲት በኋላ አይኖዱ 141604 ቢሆን ኪዩ 41032924 ነው። ተቀባይህ የመጀመሪያው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ላኪው ሁለተኛው ላይ ያስቀምጣል። ሁለቱም አይፒሲ-ክሪየት (ኪው ከሌለ ፍጠር የሚል ምልክት) ስላላቸው ማንም አይጮህም።

መልስ 2፦
ሶርስ ፋይልን ለኪይ መጠቀም ከመጀመሪያውም ጥሩ አይደለም። ማንም የማይነካው ባዶ ፋይል ፍጠርና ሙሉ ፓዙን ስጥ። ቲኤምፒ (የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር) ውስጥ አታድርገው፣ ማሽኑ ሲነሳ ሊጠረግ ይችላል። አይፒሲ-ክሪየት ተቀባዩ ላይ ብቻ ይኑር፤ ያኔ ኪዩ ካልተገጣጠመ ላኪው ወዲያው ኤረር ያወጣል።

የኤፍቶክን መልስም ቼክ አድርግ። ፋይሉን ካጣ ነጌቲቭ 1 ይመልሳል፤ ኪው የሚከፍተው ኤምኤስጂጌት ደግሞ እሱንም እንደ ማንኛውም ኪይ ይቀበለዋል። ሁለቱም ፕሮግራሞች ፋይሉን ካጡ እንዲያውም «ይገናኛሉ»፣ ይህኛው ነው ለማግኘት የሚያስቸግረው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ፣ ሁለት ኪው ነው ያለው። አሮጌው በራሱ ይጠፋል?

መልስ 1፦
አይጠፋም። ፕሮግራሙ ቢዘጋም ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ይቆያል፤ በአይፒሲአርኤም ትእዛዝ አጥፋው፣ አለዚያ እስከ ሪስታርት ይኖራል። ለወላጅና በፎርክ ለተወለደ ልጅ ፕሮሰስ ብቻ ከሆነ ደግሞ ኤፍቶክ ጭራሽ አያስፈልግህም፣ በኪይ ምትክ አይፒሲ-ፕራይቬት መስጠት ይበቃል።