ተንደርበርድን በሦስት ኮምፒውተር እንዴት ላመሳስል?

ፈረንጅ አራዳ፦ ሰላም ጅማዎች። ቡና አቅራቢ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ኢሜይል የማየው በተንደርበርድ ነው። አንዱ ኮምፒውተር እዚህ ቢሮ፣ አንዱ አጋሮ መፈልፈያው ጋ፣ አንዱ ቤት ነው። ቢሮ የገባልኝን መልእክት አጋሮ ስሄድ አጣዋለሁ። ፊልተሩን፣ አድራሻውን፣ ፊርማውንም በየኮምፒውተሩ እንደ አዲስ መሥራት ሰለቸኝ። መላ በሉኝ እስቲ።

አባ ጅሬን፦ እህቴ፣ ፖፕ በሚባለው የደብዳቤ መቀበያ መንገድ ተገናኝተሽ ይሆናል። የአካውንቱን ሴቲንግ ክፈቺና የገቢውን ፖርት ቁጥር እዪ። 995 ከሆነ ፖፕ ነው፣ 993 ከሆነ አይማፕ። ፖፕ ደብዳቤውን ወደ ኮምፒውተሩ ያወርድና፣ ሰርቨር (የኢሜይል አቅራቢው ኮምፒውተር) ላይ እንዲተወው ካልታዘዘ ከዚያ ያጠፋዋል። አይማፕ ግን ዋናውን ሰርቨር ላይ ስለሚያስቀምጥ ያነበብሽውም የላክሽውም ሦስቱም ጋ እኩል ይታያል።

ተንደርበርድ ፖፑን ወደ አይማፕ አይቀይርልሽም፤ አይማፑን እንደ አዲስ አካውንት ጨምሪ። አሮጌውን ግን እንዳትነኪው! የድሮ ደብዳቤሽ ያለው እዚያ ብቻ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ወደ አዲሱ ፎልደር ኮፒ አድርጊ።

ቆጪ፦ ምን አለፋሽ፣ የፕሮፋይል ፎልደሩን እንዳለ በሲንክቲንግ (ፎልደርን በኮምፒውተሮች መካከል የሚያመሳስል ፕሮግራም) አገናኚው። ሴቲንጉ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

አባ ጅሬን፦ ተው ወንድሜ፣ ጉድ ታፈላባታለህ! ተንደርበርድ ሁለት ቦታ ተከፍቶ ፋይሎቹ ከተመሳሰሉ የአድራሻ ደብተሩ ዳታቤዝ ይበላሻል። መሃል ላይ መብራት ከሄደማ አለቀ።

ኔትወርክ ሠራተኛ፦ ልክ ነው። ፕሮፋይሉን አንዴ ኮፒ ማድረግ ግን ችግር የለውም። ቱልስ ውስጥ ኤክስፖርት የሚል አለ፤ ከ2 ጊጋባይት በላይ ከሆነ ግን ተንደርበርድን ዘግተሽ ፎልደሩን በእጅ ወደ ፍላሽ ገልብጠሽ ውሰጂ። የሚቀበለው ኮምፒውተር ላይ ያለው ቨርዥን ከቢሮው ያነሰ እንዳይሆን፣ አይከፍትልሽም። ፓስወርዶችሽም አብረው ስለሚሄዱ በዚያ ፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት እንዳትገቢ።

ከዚያ በኋላ የሚለዋወጠውን ነገር ወደ ሰርቨር ውሰጂው። የተንደርበርድ ፊልተር እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፤ በብሮውዘር ገብተሽ ኢሜይሉ ላይ ከሠራሽው ግን ለሁሉም ይሠራል። ለአድራሻ ካርድዳቭ የሚባል በሰርቨር በኩል የሚያመሳስል መንገድ አለ፣ ተንደርበርድ ከቨርዥን 91 ጀምሮ ይቀበለዋል። ፊርማ ብዙ ጊዜ ስለማይቀየር ሦስቱም ጋ አንዴ ለጥፈሽ ተገላገዪ።

ፈረንጅ አራዳ፦ ገለቶማ! 995 ነው የሚለው። አጋሮ በስልክ ዳታ ነው የምጠቀመው፤ አይማፕ ሁሉንም እያወረደ ካርዴን አይጨርስብኝም?

አባ ጅሬን፦ ሴቲንጉ ውስጥ ሲንክሮናይዜሽን የሚለውን ክፈቺና የቅርቡን 30 ቀን ብቻ እንዲያስቀምጥ አድርጊ። የቆየውን ስትከፍቺው ብቻ ያመጣልሻል። ቢሮው ላይ ግን ሙሉውን ተዪው፣ ኔት ሲጠፋ የድሮ ውል መፈለግሽ አይቀርም።