«ፍላይ ኦፍ ዘ ሃንድል»ን በአማርኛ ምን ልበለው?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አጭር ልብ ወለድ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንዲት ሐረግ ላይ ሦስት ቀን ቆሜያለሁ። እባካችሁ አግዙኝ።

ባለታሪኩ አናጢ ነው። እራት ላይ ልጁ አንድ ነገር ትነግረዋለች። ማንኪያውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል። ከዚያ ድንገት ይቆጣል። ጸሐፊዋ የተጠቀመችው «ፍላይ ኦፍ ዘ ሃንድል» የሚለውን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የተለመደ አባባል ነው፤ የመጣውም ከእጀታው ተፈናጥሮ ከሚወጣ የመጥረቢያ ራስ ነው።

«ቱግ አለ» ብዬ ጻፍኩት። ትርጉሙ ልክ ነው፣ ድንገተኛነቱም አለ። ግን ቱግ የሚለው እሳት ነው። መጥረቢያው ጠፋብኝ። ጸሐፊዋ ደግሞ መጀመሪያው ገጽ ላይ እጀታው የላላ መጥረቢያ አሳይታናለች። ሁለቱ እንዲገናኙ አስባበት ይመስለኛል፤ ዝም ብዬ እንዳልፈው ልቤ እሺ አላለኝም።

ሌላው የእንግሊዝኛ የቁጣ አባባል «ሲ ሬድ» (ቃል በቃል «ቀይ ማየት») አላስቸገረኝም፣ «ዓይኑ ደም ለበሰ» ብዬ አለፍኩ። እንደዚሁ ቁጣን የሚገልጸውን «ብሎው ኤ ፊውዝ»ን ግን በቀጥታ «ፊውዙ ተቃጠለ» ብል፣ አንባቢ የተናደደ ሳይሆን አእምሮው የተነካ ሰው ሊመስለው ይችላል። «ደሙ ፈላ»ም አይሆንም። ደሙ የፈላ ሰው እኮ አፉን ዘግቶ ሊቀመጥ ይችላል። ይኼ ሰውዬ ግን ጮኋል፣ ወንበር ገልብጧል።

ከእንጨት ሥራ ወይም ከእርሻ የመጣ፣ ድንገተኛ ቁጣን የሚገልጽ አባባል የምታውቁ አላችሁ? ገጠር ያደጋችሁ፣ አያቶቻችሁ ምን ይሉ ነበር? የየትኛው አካባቢ እንደሆነም ጨምሩልኝ። ዓርብ ማስረከብ አለብኝ።