በዚህ ቅዳሜ በአን አርበር፦ ኦሃዮ ስቴት ዘንድሮስ ሚሺጋንን ያሸንፋል ትላላችሁ?

ቀይና ግራጫ (አራት ኪሎ)
ሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ። የፊታችን ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን ኦሃዮ ስቴት ወደ አን አርበር ተጉዞ ሚሺጋንን ይገጥማል። ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ፤ የማወራው ስለ አሜሪካኖቹ ፉትቦል ሲሆን ተጋጣሚዎቹም የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ናቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1897 ጀምሮ 120 ጊዜ ተገናኝተዋል (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የጨዋታ ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ስሜቱን ለመረዳት የጊዮርጊስንና የቡናን ጨዋታ ማሰብ ይበቃል። ልዩነቱ እነዚህኞቹ የሚገናኙት በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም በመደበኛው ውድድር መዝጊያ ላይ በመሆኑ የተሸነፈው ወገን ቂሙን ይዞ ዓመት መክረሙ ነው።

እኔ የኦሃዮ ስቴት መቀመጫ በሆነችው ኮሎምበስ ተምሬ የተመለስኩ የኦሃዮ ደጋፊ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመቴ፣ በኅዳር ወር፣ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ቤተ መጻሕፍት ስሄድ በየሕንጻው ስም ላይ ያለች «ኤም» የተባለች የእንግሊዝኛ ፊደል ሁሉ በቀይ ፕላስተር ተሰርዛ አየሁ፤ የአውቶቡስ መጠበቂያው ሰሌዳ እንኳ አልቀረለትም። እድሳት ሊደረግ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። የሚሺጋን መነሻ ፊደል በዚያ ሳምንት በግቢው ውስጥ እንዳትታይ ተማሪዎች የሚያደርጉት ነገር መሆኑን አብሮኝ የሚማር ልጅ ሲነግረኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን እኔም የሚሳቅብኝ ሰው ሆኛለሁ።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ቡድናችን ዘንድሮ 11 ጊዜ ተጫውቶ 11ዱንም አሸንፏል። ቴክሳስን በመክፈቻው 14 ለ 7፣ ፔን ስቴትን በኋላ 38 ለ 14 ረትቷል። በእነዚህ ሁሉ ጨዋታዎች የተቆጠረበት በድምሩ 84 ነጥብ ሲሆን በአማካይ ከ8 በታች ማለት ነው። ኳርተርባኩ (ማለትም ኳሱን የሚወረውረውና ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ጁሊያን ሴይን ከሚወረውራቸው 10 ኳሶች ወደ 8 የሚጠጉት በወገኖቹ እጅ ያርፋሉ። ሚሺጋን በአንጻሩ በኦክላሆማ 24 ለ 13፣ በዩኤስሲ 31 ለ 13 ተሸንፏል፤ ኳርተርባኩ ብራይስ አንደርውድም ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያከራክር ነገር የለም።

አምናም ግን በወረቀት ላይ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። አቋማሪዎቹ ለኦሃዮ ወደ 20 ነጥብ የሚጠጋ ብልጫ ሰጥተውት ሳለ በገዛ ሜዳችን 13 ለ 10 ተሸነፍን። ጨዋታው የዋለው በኅዳር ጽዮን ዕለት ስለነበር እናቴ «ለመሆኑ በበዓል ቀን እዚያ ምን አስቀመጠህ» እያለች እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ከዚያ በፊትም በ2021 42 ለ 27፣ በ2022 45 ለ 23፣ በ2023 30 ለ 24 ተረትተናል። ሚሺጋንን ያሸነፈ የኦሃዮ ተጫዋች ከ1934 ጀምሮ የሱሪ ቅርጽ ያላት ትንሽ የወርቅ ጌጥ ይሸለማል፤ ከ2019 ወዲህ ግን ያቺን ጌጥ በእጁ ያስገባ የለም።

እንደ እኔ አመለካከት ያሸነፈን ግትርነታችን ነው። አምና ከዳር ከዳር የሚሮጡ፣ አቻ የማይገኝላቸው ተቀባዮች እያሉን ኳሱን ታቅፈን ደጋግመን ወደ መሀል ገባን፤ መሀሉን ደግሞ ሜሰን ግራሃምና ኬኔት ግራንት እንደ ግንብ ዘግተውት ነበር። ሁለቱም ዘንድሮ ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ በመጀመሪያው ዙር ተመርጠው ስለሄዱ አሁን የሉም። ታዲያ አሠልጣኙ ራያን ዴይ ከአምናው ተምሯል ትላላችሁ፣ ወይስ «ጉልበታችንን እናሳያችኋለን» ብሎ ዳግመኛ ግንብ ሊገፋ ነው? ባለፈው ቅዳሜ በሩትገርስ ጨዋታ ተቀባዮቻችን ጄረማያ ስሚዝና ካርኔል ቴት በጉዳት አልተሰለፉም፤ በአን አርበርም ባይሰለፉ ግምታችሁ ይለወጣል?

---

በቆሎና ሰማያዊ (ሜክሲኮ)
ሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ ማታ

ወንድሜ ቀይና ግራጫ፣ የሚሺጋን ደጋፊ ብሆንም ጽሑፍዎን በደስታ አነበብኩት፤ «ግትርነት» የሚለው ቃል ግን የእኛን ድርሻ ሙልጭ አድርጎ የሚወስድ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። በ2021 ሀሰን ሃስኪንስ ብቻውን 5 ተችዳውን (ኳሱን ይዞ እስከ ሜዳው ጫፍ በመድረስ የሚገኝ ነጥብ) ያስቆጠረው እናንተ ግትር ስለነበራችሁ አይደለም፤ ፊት ለፊት የቆሙት የእኛ ልጆች የእናንተን ተከላካዮች ከቦታቸው እየነቀሉ መንገድ ስለጠረጉለት ነው። በ2022 ደግሞ ኮሎምበስ ድረስ መጥተን ዶኖቫን ኤድዋርድስ አንዱን 75፣ ሌላውን 85 ያርድ ሮጦ ሲያስቆጥር ስታዲየሙ በአንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት መሰለ።

አምናም ቢሆን ጨዋታውን የወሰነው አንድ ሩጫ ነው። በአራተኛው ሩብ መጨረሻ፣ 10 ለ 10 እኩል ሆነን ሳለ፣ ካሌል መሊንግስ ተይዞ ወደቀ ሲባል ከሰው ክምር መሀል ወጥቶ 27 ያርድ ሮጠ፤ ከዚያም መቺያችን 45 ሰከንድ ሲቀር 3 ነጥብ የምታስገኘውን ምት ከ21 ያርድ አስገባት። የእናንተ መቺ በዚያው ጨዋታ ከ34 እና ከ38 ያርድ ሁለት ጊዜ ስቶ ነበር። የሚቆጨኝ ከጨዋታው በኋላ የእኛ ልጆች ባንዲራ ይዘው ወደ ሜዳው መሀል ሲሄዱ የተነሳው ድብድብ ነው፤ ፖሊስ አስለቃሽ ርጭት እስከመጠቀም የደረሰበት ነገር ለማንም አያኮራም።

ስለ ዘንድሮው እውነቱን ልናገር። እፈራለሁ። አንደርውድ ባለ ተሰጥኦ ነው፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ተከላካይ ገጥሞት አያውቅም። የእኛ ብቸኛ ተስፋ ጨዋታውን ማሳጠር ነው፤ ማለትም ኳሱን በሩጫ እየያዝን፣ ሰዓቱን እየበላን፣ የእናንተ አጥቂዎች ሜዳ የሚገቡበትን ጊዜ መቀነስ። 12 ጊዜ ኳስ የሚያገኝ ጎበዝ ቡድን ጉብዝናው መውጣቱ አይቀርም፤ 8 ጊዜ ብቻ ካገኘ ግን አንድ የተነጠቀ ኳስና አንድ የሳተ ምት ነገሩን ሁሉ ሊገለብጡት ይችላሉ። አየሩም ሊረዳን ይችላል። በ1950 ኮሎምበስ ላይ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ በተደረገው ጨዋታ ሚሺጋን አንዲት ቅብብል እንኳ ሳያሳካ 9 ለ 3 ማሸነፉን አይርሱ።

የሚመለከቱበት ቦታ ከሌለዎት ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። በዲኤስቲቪ ቤቶች በዚያ ሰዓት የእንግሊዝ ሊግ ስለሚኖር ማንም ጣቢያ አይቀይርልንም፤ እኔ ኮምፒዩተሬን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ ነው የማየው። ጾም ስለገባ ከቆሎና ከሻይ ሌላ የማቀርበው የለኝም።

---

የለገሃር ሰው
ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን

ልጆቼ፣ ከጨዋታው በፊት ሰዓቱን አስተካክሉ። እዚያ ቀትር ላይ የሚጀመረው ጨዋታ እስከ ጥቅምት 22 ቀን ድረስ እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይታይ ነበር፤ አሜሪካኖቹ ጥቅምት 23 ቀን ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለመለሱ አሁን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል። ይህን የምለው እኔ ራሴ በተቀየረው ሳምንት ቴሌቪዥን ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ የማስታወቂያ ወሬ ሳዳምጥ ስለቆየሁ ነው። የሚያልቀው ደግሞ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ራይድ የምትጠሩ አስቀድማችሁ አስቡበት።

ወደ ነገሩ ስገባ፣ ሁለታችሁም ስለ ሩጫ ታወራላችሁ፤ እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። የኦሃዮ ተከላካዮች አሠልጣኝ ማት ፓትሪሻ በፕሮፌሽናሉ ሊግ ብዙ ዓመት የሠራ፣ የዲትሮይት ዋና አሠልጣኝም የነበረ ሰው ነው። የእሱ ሙያ ተከላካዮቹን ከኳሱ መነሳት በፊት አንድ ዓይነት አቋቋም አስቁሞ፣ ኳሱ ሲነሳ ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር ነው። ኋላ የቆመው ኬሌብ ዳውንስ አንዴ ወደ መስመሩ ይጠጋል፣ አንዴ ይሸሻል፤ ወጣት ኳርተርባክ ክፍት መስሎት የሚወረውርበት ቦታ ኳሱ ሲደርስ ተዘግቶ ይቆየዋል። አንድ ቡድን ኳሱን ይዞ ለመቀጠል በ4 ሙከራ 10 ያርድ መግፋት አለበት፤ ሚሺጋን በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሙከራ በሩጫ በድምሩ 7 ወይም 8 ያርድ ካላገኘ፣ ልጁ በሦስተኛው ሙከራ እየወረወረ 4 ሩብ ሊዘልቅ አይችልም። ስለዚህ ማየት ያለባችሁ ሦስተኛውን ሙከራ ነው፤ ስንት ያርድ ቀርቷቸው ነው የደረሱበት የሚለውን ቁጠሩ።

ለቀይና ግራጫ ሁለተኛ ጥያቄ፦ አዎን፣ ይለወጣል። ስሚዝና ቴት ካልተሰለፉ ሚሺጋን ኋላ የሚያቆማቸውን ሰዎች ወደ መሀል ስለሚያመጣ፣ መሀሉ በአዲስ ልጆችም ቢሆን እንደገና ግንብ ይሆናል። ሁለቱ ለማስመሰል ያህል እንኳ ዳር ላይ ቢቆሙ ሁለት ሁለት ሰው ይዘው ይሄዳሉ። የእኔ ስጋት ሌላ ቦታ ነው። አምና ሁለቱን የሳተው መቺ ዘንድሮም ያው ነው። ግጥሚያው እስከ መጨረሻው በ3 ነጥብ ልዩነት ከሄደ እኔ ወጥቼ ሻይ እጠጣለሁ እንጂ አላይም።

---

አዲስ ተመልካች (ፒያሳ)
ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ኦሃዮ ስቴት አምና በሚሺጋን ተሸንፎም ቢሆን የአገሪቱ ሻምፒዮን እንደሆነ አንብቤአለሁ። እንዲህ ከሆነ ዘንድሮ ቢሸነፍስ ምን ይጎዳዋል?

---

ቀይና ግራጫ (አራት ኪሎ)
ረቡዕ፣ ኅዳር 17 ቀን

አዲስ ተመልካች፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ለመጨረሻው ውድድር የሚያልፉት 12 ቡድኖች በመሆናቸው አንድ ሽንፈት እንደ ቀድሞው ከውድድር አያስወጣም። እኛም ከዚያ ሽንፈት በኋላ ቴነሲን 42 ለ 17፣ ኦሪገንን 41 ለ 21፣ ቴክሳስን 28 ለ 14 አሸንፈን፣ በጥምቀት ሰሞን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ በጀመረው የፍጻሜ ጨዋታ ኖትርዳምን 34 ለ 23 ረትተናል። ንጋት ላይ ዋንጫው ሲነሳ አይቼ ወደ ሥራ የሄድኩ ሰው ነኝ። ይሁንና በማግስቱ ኮሎምበስ ላለ ጓደኛዬ ስደውል ከእንኳን ደስ አለህ ቀጥሎ የነገረኝ ስለ ኅዳሩ ሽንፈት ነበር። ይህን በምክንያት ላስረዳዎ አልችልም፤ የቡና ደጋፊ የሆነ ጎረቤት ካለዎት ሊጉን ወስዶ በጊዮርጊስ ሁለቴ ከመሸነፍና ጊዮርጊስን ሁለቴ አሸንፎ ሦስተኛ ከመውጣት የቱን እንደሚመርጥ ይጠይቁት።

ጋሼ የለገሃር ሰው፣ ስለ ሰዓቱ እግዜር ይስጥልኝ፤ 1 ሰዓት ብዬ ይዤ ነበር። ስለ ሦስተኛው ሙከራ የሰጡት ማብራሪያም የእኔን ጥያቄ ከላይ ወደ ታች ገለበጠው። እኔ የእኛ አጥቂዎች ወደ መሀል ይገባሉ ወይ ብዬ ስጨነቅ፣ ጥያቄው የእነሱ አጥቂዎች መሀሉን ያልፋሉ ወይ የሚል ነው። ካላለፉ 13 ነጥብ እንኳ ለማስቆጠር ይቸገራሉ፤ እኛም ሳንቸኩልና ጀግንነት ሳናሳይ፣ ኳሱን ለሴይን ትተን 20 ካስቆጠርን ይበቃናል። ግምቴ 24 ለ 13 ነው። ስሚዝና ቴት ካልገቡ 17 ለ 13 አድርጉልኝ፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ግን ቆሜ ነው የማያቸው።

በቆሎና ሰማያዊ፣ የቤት ግብዣዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ። ያ ሁሉ 107,601 ሰው የሚይዘው ስታዲየማችሁ ሲጮኽ ብቻዬን ከማዳምጠው ከአንድ ሚሺጋን ጋር ብሆን ይሻለኛል። እናቴ ለጽዮን ማልዳ ስለምትነሳ ቁልፍ ይዤ ነው የምወጣው፤ ገብስ ቆሎውን እኔ አመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድመው ይንገሩኝ፦ ቴሌቪዥንዎ ሳምሰንግ ነው? ከሆነ ቀይ ፕላስተር ይዤ ስለምመጣ ሦስተኛዋን ፊደል እንድሸፍናት ይፈቅዱልኛል።

---

በቆሎና ሰማያዊ (ሜክሲኮ)
ረቡዕ፣ ኅዳር 17 ቀን

ሳምሰንግ ነው። ከሸፈኗት ግን ሻይ የለም።