እማዬ በስልክ ደህና ነበረች

ወንድሜ፣ አባትህ መርሳት እንደጀመረ የጻፍከውን ሳይ የእኛ ቤት ታሪክ መሰለኝ። እናቴ አራት ኪሎ ናት፣ እኔ ሜሪላንድ። እህቴ «እማዬ እየረሳች ነው» ስትለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ አላመንኳትም። በስልክ ምን ይታወቃል? «ደህና ነሽ ልጄ? ልጆቹስ? ብርዱ እንዴት ነው? እግዚአብሔር ይመስገን።» ዕድሜ ልክ የተባለ ሰላምታ ቶሎ አይጠፋም። ሄጄ ሳያት ግን በሚካኤል ቀን «ዛሬ ማርያም ናት» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ወርኃዊ በዓል ስታ የማታውቅ ሴት!

መጀመሪያ ያሰብኩት ወደዚህ ላምጣት ብዬ ነበር። እህቴ ናት የከለከለችኝ። መኝታ ቤቷን ከሳሎን መለየት እያቃታት አውሮፕላን ላይ ላውጣት?

ከሁሉ የጠቀመን ፌስታል ነው፤ አትሳቅ። ከኮመዲኖውም ከቦርሳዋም ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስበን ለአንድ የነርቭ ሐኪም ወሰድንለት። ሦስት ቦታ የታዘዘ፣ አንዱ የሌላውን ያላየው። ከመሃሉ ለእንቅልፍ የሚል አሚትሪፕቲሊን ተገኘ። ይሄ መድኃኒት አረጋውያንን ግራ ያጋባል፣ የማስታወስ ችሎታንም ያደክማል። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ቀንሶ አስቆማት (እናንተ በራሳችሁ እንዳታስቆሙ!)። ታይሮይድና ቫይታሚን ቢ12 አስመረመረ፤ የሁለቱም ችግር መርሳት ያመጣል፣ ደግሞም ይታከማል። ቢ12ቷ ዝቅ ብሎ ስለነበር መርፌ ጀመረች። ወድቃ ስለነበር ጭንቅላቷ ውስጥ ደም እንዳይኖር ሲቲ ስካን ተነሳች። የለም። አልዛይመሩ (የመርሳት በሽታው) ግን አለ፣ አይድንም። ቢሆንም ሌሊት ተነስታ በር በር ማለቷ ቀንሷል።

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነርቭ ክፍል አለ፤ ሪፈር ያዙ፣ ለወረፋውም ተዘጋጁ። «ወርቄን ሰረቀችኝ» እያለች ሁለት ሠራተኛ ስታባርር ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ብናሳያትስ አልን። አጎቴ «እህቴ አላበደችም!» ብሎ ሦስት ሳምንት አኮረፈን። ስሙ ነው የሚያስፈራው እንጂ እዚያ ያሉት የአእምሮ ሐኪሞች ናቸው፣ ጥርጣሬና እንቅልፍ ማጣት ደግሞ የእነሱ ሥራ ነው።

አሁን የምልከው ብር ባብዛኛው ለእህቴ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የምትተካት ሴት ቀጥረናል፣ እህቴም ከቤት ወጣ ትላለች። ከዚያ በፊት ደውዬ «ሐኪም ቤት ለምን አልወሰድሻትም?» ብቻ ነበር ሥራዬ። ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል።

አባትህ ስንት ዓይነት መድኃኒት ይወስዳል? ዛሬውኑ ደውልና አስቆጥራቸው።